ዘጠነኛው ገጽ

ቴሬክ፣ መጋቢት 14

ለከተማዋ እመቤት፣ ለልጅ ልጄ ለበጋይም፦

እንደምን ከርመሻል? እኛ ከጉልበቴ፣ ከጎረቤታችን ውሻና ከመንደሩ ሊቀመንበር ከኩባት በቀር ሁላችንም ደኅና ነን። ጉልበቴ ሌሊት ይጮኻል፣ ውሻው ቀን ይጮኻል፣ ኩባት ደግሞ ሌትም ቀንም።

ሹመትሽን የሰማሁት ከእሱ አፍ ነው። ስልክ በምትሠራባት ጉብታ ላይ ወጥቶ ዜናውን አንብቦ፣ ፈረሱን እየጋለበ መጣና «የምስራች፣ ሻርሸንባይ አታ!» ብሎ በሬ ላይ ቆመ። የምስራች ያመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። «ምን ልስጥህ?» ስለው ዓይኑ የት እንዳረፈ ታውቂያለሽ? ባለፈው ዓመት የላክሽልኝ ባርኔጣ ላይ። ይኸው አሁን እሱ በባርኔጣዬ ይኮራል፣ እኔ በበራዬ። ሁለተኛ ስትሾሚ ቀስ ብለሽ ተሾሚ፤ የቀረኝ ሱሪዬ ብቻ ነው።

«የፖለቲካ ኮሙኒኬሽን ዳይሬክተር» ማለት ምን እንደሆነ ለእናቴ ያስረዱልኝ ላልሽው፣ አስረድቻለሁ። «ትልልቅ ሰዎች ቁጭ ብለው የሚያስቡበት ተቋም አለ። ያሰቡት ነገር ሲወጣ ለማንም አይገባም። ያን ጊዜ የኛ ልጅ ትጠራና ሰው እንዲገባው አድርጋ ትጽፈዋለች» አልኳት። «ታዲያ መጀመሪያውኑ እሷ ለምን አታስበውም?» አለችኝ። ለሐሳብ ተብሎ ቤት መሠራቱ ለኔም ገና አልገባኝም። እኛ ሜዳ ላይ ነው የምናስበው፤ ነፋስ ቢወስደውም አናለቅስም።

በልጆች ሬዲዮ ተረት ስታነቢ፣ ከዚያ ጋዜጣ ላይ፣ ከዚያ የሰው ቃል አቀባይ፣ አሁን በሠላሳ አራት ዓመትሽ ዳይሬክተር። ባል ግን የለም። ይሁን፤ ወንበር ከባል ይሻላል። አራት እግር አለው፣ አያንኮራፋም።

ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚነገር ለአዳዲስ ሠራተኞችሽ እንድታስተምሪበት ይጻፉልኝ ማለትሽ ግን አሳቀኝ። መጋረጃ ጀርባ ተደብቀሽ መርዶ ስነግር እየሰማሽ ያደግሽ አንቺ! ለማንኛውም ጻፊው። መርዶ አይወረወርም። ሦስት ሆነን በማለዳ እንሄዳለን። ሰውየውን እናስቀምጠዋለን። ስለ ሣሩ፣ ስለ ፈረሱ እናወራለን። ከዚያ እኔ ክንፉ ስለተሰበረ አንድ ጭልፊት እጀምራለሁ። ጭልፊቱ ማን እንደሆነ ሰውየው ራሱ ይደርስበታል። ልብ በገዛ እግሩ ሲደርስ ይሻለዋል። አርባ አንድ ቤት እንዲህ ተናግሬያለሁ። አንድ ነገር ተጠንቀቁ በያቸው፦ መርዶ ነጋሪን የሚያሳብቅበት ጥያቄው ነው። ሊጠይቅህ የመጣ ሰው ድንገት «እናትህ የት ነው የሚተኙት? ልጅህስ መቼ ነው የሄደው?» ማለት ሲጀምር፣ ባለቤቱ ያን ጊዜ ይነቃበታል።

ባርኔጣ የለሹ አያትሽ፣
ሻርሸንባይ


ቢሽኬክ፣ ሚያዝያ 22

አታዬ፣ ውድ አያቴ፣ እንደምን ሰነበቱ?

በመዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ። አይ፣ አልታመምኩም። ሙካሽ «ከስታለች» ብሎ ከነገረዎት፣ ሚኒባስ ሲነዳ የዋለ ሰው ዓይን ሁሉን ቀጭን አድርጎ ነው የሚያየው። ደብዳቤዎቼን ግን ከእሱ ሌላ ለማንም አልሰጥም።

በተቋማችን አሁን የያዝነው ጥናት የኛን ሸለቆ የሚመለከት ነው። የተቋማችን መሐንዲሶች አክ-ኮል ሐይቅ ድረስ ወጥተው ለክተው ተመልሰዋል። ትንሽ መጽሐፍ ይወጣል፤ ማጠቃለያውን የምጽፈው እኔ ነኝ። አለቃዬ ኤርኪን ማራቶቪች በጣም ደስ ብሎታል። ከሸለቆው በታች የኃይል ማመንጫ ሊሠሩ የመጡ ባለሀብቶች አሉ። ቅጂው መንደር ድረስ ይመጣላችኋል።

እስቲ ይህን ይንገሩኝ። ወንዙ ጠዋት ጠዋት መልኩ ምን ይመስላል? ከመስጊዱ ጀርባ ያለችው ምንጭ እንደ ድሮዋ ናት? እርስዎና እማዬ የምታድሩት አሁንም ወንዙ ዳር ባለው ቤት ነው?

ሰኔ ሳይጋመስ ወደኔ ይምጡ። ለዓይንዎ ጥሩ ሐኪም ይዣለሁ። እማዬንም ይዘው፤ ብቻዋን እንዳትቀር። የአባዬንም ፎቶግራፍ ይዛ ትምጣ። ለሰው ባይናገሩ እመርጣለሁ። ስልክ አይደውሉልኝ፤ የቢሮዬ ስልክ ብዙ ጆሮ አለው።

ልጅዎ በጋይም


ቴሬክ፣ ግንቦት 10

ለዳይሬክተሯ፦

ለዓይኔ አትጨነቂ። የማያየው ማየት የማልፈልገውን ብቻ ነው። ትላንት ከወንዙ ማዶ የመስጊዳችን ሙላ የጎረቤቱን ሣር ሲያጭድ አይቼዋለሁ። እሱ ግን አላየኝም፤ ታዲያ ሐኪሙ የሚያስፈልገው ለማን ነው?

ወንዙ ወተት የበዛበት ሻይ መስሏል። ምንጯ ደግሞ ምን እንደነካት እንጃ፣ ሁለት ሆናለች። አንዷ በሙላው በረት መሀል ፈልቃ በጎቹ እግራቸውን ታጥበው ይሰግዳሉ። አዎ፣ የምናድረው ወንዙ ዳር ነው። የት እንድናድር ፈልገሽ ነበር?

አሁን ዋናውን ወሬ ስሚ። መጽሐፍሽ መጣ! ኩባት ሕዝቡን ሰብስቦ በባርኔጣዬ ሥር ሆኖ አነበበው። ሸለቆው ውብ ነው ይላል፤ ውሃው ብዙ ነው ይላል፤ እንግዶች ከሩቅ ይመጣሉ፤ ወንዙ ዳር ያለው ሜዳ ለማረፊያ ምቹ ነው ይላል። ከሥር ስምሽ። አጨበጨብን፤ በግ ታረደ። አንድ ሰው «የመንግሥት ወረቀት ነው፣ እስቲ እናጣራ» ቢል ኩባት ተቆጣው። «የገዛ ወንዛችን ልጅ የፈረመችውን ደግሞ ማን ያጣራል?» አለው። እውነቱን ነው። እዚህ አገር የራስን ልጅ ፊርማ መመርመር ነውር ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ወደ ላይኛው ግጦሽ የሚወጣ የለም። ስሰማው እኔም ገረመኝ። ከአባቶቻችን ጀምሮ በሰኔ መንደሩ ባዶ ነው፤ እንደኔ ጉልበቱ የከዳው ብቻ ነው የሚቀር። ዘንድሮ ግን ከብቱን ለሁለት እረኞች ሰጥተው፣ ሰማንያ ስድስቱም አባወራ የሱፍ ድንኳኑን ሜዳው ላይ ሊተክል ነው፤ እንግዳ ሊቀበል። የአንቺ አያት ስለሆንኩ ለውሃው የቀረበውን፣ የመጀመሪያውን ቦታ ለኔ ሰጡኝ።

አንዲት ነገር ብቻ። መጽሐፉን ሳገላብጥ ከስምንተኛው ገጽ ቀጥሎ አሥራ አንደኛው መጣ። አንዲት ቅጠል ከሥሯ በምላጭ ተቆርጣለች። «ዘጠኝ የት ሄደ?» ብለው ኩባት «አታ፣ እርስዎ ደግሞ አሥራ ስምንት ገጽ ተሰጥቶዎት ስለ አንዱ ያለቅሳሉ» አለኝ።

አያትሽ


ቢሽኬክ፣ ግንቦት 28

አታ፣

ኩባትን ይያዙልኝ። ድንኳኑን አይትከሉ። እንግዶቹ ዘንድሮ አይመጡም ይበሉት። መጽሐፉ የኅትመት ስሕተት አለበት ይበሉት። የፈለጉትን ምክንያት ይፍጠሩ፤ ከእርስዎ የተሻለ ምክንያት ፈጣሪ የለም። ሰዉ እንደ ሁልጊዜው ወደ ግጦሹ ይውጣ።

ስለ ገጹ ለጠየቁኝ አሁን መመለስ አልችልም። ይልቅ ተረት ልንገርዎ፤ ድሮ እርስዎ ይነግሩኝ የለ?

አንዲት ዳክዬ ሐይቅ ዳር ጎጆ ሠርታ ጫጩቶች ፈለፈለች። ሐይቁ ውስጥ የሚኖር አንድ ዓሣ ይወዳት ነበር። «እመት ዳክዬ፣ ዘንድሮ ኮረብታው ላይ ብትሠሪስ?» አላት። «ለምን? ምን ጎደለኝ?» አለችው። ዓሣው ሊነግራት አፉን ከፈተ። አፉ ግን ውሃ ሞላው።

እማዬ ደኅና ትተኛለች? ሙካሽ በየቅዳሜው ቦታ ይይዝላችኋል።

በጋይም


ቴሬክ፣ ሰኔ 4

በጋይም፦

ዛሬ ሰላምታውን አሳጥሬያለሁ።

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ታጠብኩ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለበስኩ፣ ተቀመጥኩ። እናትሽ አየችኝና «አታ፣ ማን ሞተ?» አለች። «ቆይ፣ ገና እየደረስኩበት ነው» አልኳት። አንቺ የሞትሽ መስሏት መሬት ላይ ቁጭ አለች። ምስኪን፣ ጽሕፈትሽን አሳየኋት።

አርባ አንድ ቤት መርዶ ነግሬያለሁ፤ ለኔ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። አባትሽ ሲሞት እንኳ እጄ ላይ ነው የሞተው። ሦስት ሰዎች መጥተው ስለ ሣር ሲያወሩበት ሰው ምን እንደሚሰማው በሰማንያ አንድ ዓመቴ ገና ከደብዳቤሽ አወቅሁ። ጥያቄዎችሽን አንድ በአንድ መልሼ አነበብኩ። የወንዙን መልክ። የምንጯን። የት እንደምናድር። ፎቶግራፉን ይዛ ትምጣ። በደንብ አስተምሬሻለሁ፤ አንድም አልቀረሽም። የሟቹን ስም ብቻ አልነገርሽኝም።

ስለዚህ ራሴ ሄድኩ። አሮጊቷን ባዝራ ጭኜ፣ ሁለት ቀን ፈጅቼ አክ-ኮል ወጣሁ። መውጣቱን እንኳ ተይው፣ ከባዝራዋ መውረዱ ነው የፈጀኝ። ሰዎቻችሁ ለመለኪያ ዳርቻው ላይ አምስት ቀይ እንጨት ተክለው ነበር። ሦስቱ ውሃ ውስጥ ናቸው። ሐይቁን የያዘው የበረዶ ግንብ ከሥሩ ይንጠባጠባል፤ ጆሮዬን ሳስጠጋ እንደ ታመመ በሬ ሆድ ይጮኻል። ባዝራዋ አልቀርብም ብላ ልጓሟን በጠሰች።

አሁን ያለ ዳክዬና ያለ ዓሣ መልሺልኝ። ሐይቁ ይወርዳል? መቼ? ይህን ማን ማን ያውቃል? ያቺን ቅጠልስ የማን እጅ ነው የቆረጣት?

ሻርሸንባይ


ቢሽኬክ፣ ሰኔ 9

አታ፣

ይወርዳል። በረዶው ውስጡ ተቦርቡሯል። ዘጠነኛው ገጽ የሚለው ይኸው ነው፦ በዚህ በጋ የመፍረሱ ዕድል ከአሥር ስድስት ነው። የሚያሰጋው ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ነው። ከፈረሰ ውሃው ቴሬክ ለመድረስ አርባ ደቂቃ አይፈጅበትም።

የሚያውቁት ሁለቱ መሐንዲሶች፣ ኤርኪን ማራቶቪችና እኔ ነን።

የቆረጥኩት እኔ ነኝ። መጽሐፉ ታትሞ አልቆ ነበር፤ መቶ ሃያ ቅጂ። ኤርኪን ማራቶቪች ቢሮዬ ገብቶ ጠረጴዛዬ ላይ ምላጭ አስቀመጠ። «አንዲት ቅጠል ናት። የኃይል ማመንጫው ውል እስኪፈረም ብቻ። ከዚያ ራስሽ ትመልሻታለሽ» አለኝ። ለሌላ ሠራተኛ መስጠት አሳፈረኝ። በሩን ዘግቼ መቶ ሃያውንም አንድ በአንድ ቆረጥኩ። በማግስቱ ለአንድ ትልቅ ሰው ቃል አቀባይነት መታጨቴን ነገረኝ። ወደ ላይ የሚወጣው ደረጃ እንዲህ ነው፤ ማንም አይገፋዎትም፣ በትሕትና እጅዎን ይዘው ያወጡዎታል።

ራሴን ያታለልኩበትን ልንገርዎ። በሰኔ ቴሬክ ባዶ ነው፤ ሰው ሁሉ ግጦሽ ላይ ነው አልኩ። የሚቀሩትን ጥቂት ሽማግሌዎች በሆነ ምክንያት አስነሣቸዋለሁ፤ እርስዎንና እማዬን ወደኔ አመጣለሁ አልኩ። ውሃው ቢመጣ ግድግዳ ብቻ ነው የሚያገኝ አልኩ። ሁሉን አስልቼ ነበር። የጻፍኩትን ሰው አምኖት ከግጦሹ እንደሚቀር ግን አላሰላሁም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ስጽፍ ሰው ያምነኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ እዚህ ማንም ማንንም አያምንም።

ውሉ የሚፈረመው ሰኔ 18 ነው። ገጹን አሁን ባወጣ «በሐሰት ወሬ ሕዝብን ማሸበር» ይሉታል። እስከ አምስት ዓመት ያስፈርዳል። መሐንዲሶቹ አይመሰክሩልኝም፤ ልጆች አሏቸው።

ቅዳሜ ይምጡ፣ አታ። እማዬን ይዘው። ሌላውን ከመጡ በኋላ እንመክራለን።

በጋይም


ቴሬክ፣ ሰኔ 13

ልጄ በጋይም፦

አልተቆጣሁም። ተቆጥቼ ነበር፤ ከዚያ ሙካሽ ከደብዳቤሽ ጋር የላክሽውን የደረቀ ኮክ ሰጠኝና በላሁት። ኮክ እየበሉ መቆጣት ይከብዳል።

ቅዳሜ የማልመጣበትን ምክንያት ልንገርሽ።

ትላንት ሰዉን ሰበሰብኩና ያለ ጭልፊት፣ ያለ ምንም «ሐይቁ ይወርዳል፤ ነገ ዛሬ ሳትሉ ወደ ግጦሹ ውጡ» አልኳቸው። ከዚያ ሙላው ጉሮሮውን ጠራርጎ፦

«ሻርሸንባይ አታ፣ አምና ጨረቃ ላይ ግብር ተጣለ ብለው ያስፈረሙን እርስዎ አይደሉም?» አለ።

«ነኝ።»

«ለኔስ ከመካ ፈረስ ተልኮልሃል ብለው አስፋልት ድረስ አላስኬዱኝም?»

«ሄድክ እንዴ? እኔ እኮ ሠፈር ውስጥ ጠይቀህ ትመለሳለህ ብዬ ነው።»

ሳቁ። የአንበጣ መንጋ መጣ ብዬ ያስሮጥኳት አሮጊት ሳይቀር ከት ብላ ሳቀች። «አክ-ኮልን በዓይኔ አይቼ መጣሁ» ብል «በየትኛው ዓይንዎ?» አሉኝ። ኩባት መጽሐፉን ከጉያው አውጥቶ ስምሽን በጣቱ መታ መታ አደረገና «እሺ አታ፣ የእርስዎን ቀልድ እንመን ወይስ የዳይሬክተሯን ፊርማ?» አለኝ።

ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ ነበር። አልክድሽም፣ እጄ ወደዚያ ሄዷል። ግን እሱን አውጥቼ ባነብ አንቺን በገዛ እጄ ለዘብ ማስረከቤ ነው። ያን ማድረግ የምትችዪ አንቺ ብቻ ነሽ። መለስኩት።

እንግዲህ ያን ጊዜ ገባኝ። ስምሽ ያስቀመጠውን ሕዝብ ከስምሽ በቀር ማንም አያስነሣውም። እኔ ለሰማንያ አንድ ዓመት ስቀልድ ኖሬ አንዲት እውነት የምናገርበት አፍ ሳላስተርፍ ቀረሁ። አንቺ ግን አለሽ።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ድንኳኔን ሜዳው ላይ፣ በሰጡኝ ቦታ ተከልኩ። አልጋዬንም አስገባሁ። ደስ የሚል ቦታ ነው፤ እግሬን ብዘረጋ ውሃው ውስጥ ይገባል። እናትሽን «አንቺ ወደ እኅትሽ ዘንድ ውጪ» ብላት «የባሌን አባት ሜዳ ላይ ጥዬ ሄድኩ ልባል?» ብላ የራሷን አልጋ ከኔ ጎን ዘረጋች። እንዳስቸገረችኝ አለች።

ዘጠነኛው ገጽ በፊርማሽ እስኪመጣ ከዚህ አልነሣም። ላስፈራራሽ አይደለም። መርዶ ነጋሪ ለሰው ሲነግር ቤቱ ገብቶ፣ አጠገቡ ተቀምጦ ነው፤ ከሩቅ ሆኖ አይልክም። ሰዎቼ እዚህ ስለሆኑ እኔም እዚህ ነኝ።

ወንዙ ዛሬ ቀይ ነው። እንደ ሸክላ።

አያትሽ


ቢሽኬክ፣ ሰኔ 20

አታ፣

ተነሡ። እባክዎ ዛሬውኑ ይነሡ።

ከትላንት በስቲያ የፊርማው ሥነ ሥርዓት ላይ መድረኩን የምመራው እኔ ነበርኩ። ካሜራዎቹ ሁሉ ነበሩ። የእንኳን ደኅና መጣችሁ ንግግሬን አስቀምጬ ዘጠነኛውን ገጽ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ረጅም አይደለም፤ ሁለት ደቂቃ ተኩል። አንድ ሰው ድምፅ ማጉያውን አጠፋው፤ የቀረውን ጮኼ ጨረስኩ። «ይህን ገጽ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ የቴሬክ ሰዎች ከሜዳው ተነሡ» አልኩ። ኤርኪን ማራቶቪች አልተቆጣም። እጄን ይዞ በትሕትና ከደረጃው አወረደኝ።

ሙካሽ የሚያመጣላችሁ ጥቅል ውስጥ የገጹ መቶ ቅጂ አለ፤ በእያንዳንዱ ላይ በእጄ ፈርሜያለሁ። ለኩባት ይስጡት።

ከበሬ ፊት ሁለት ሰዎች መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል። አይጨነቁ፤ ሻይ እየጠጡ ነው። ለእማዬ አይንገሩ። ወይም ይንገሩ። እንዴት እንደሚነገር እርስዎ ያውቃሉ።

በጋይም


ላይኛው ግጦሽ፣ ነሐሴ 6

ለልጄ ለበጋይም፤ በጠበቃዋ በኩል፦

በመጀመሪያ ይህን ደብዳቤ ከአንቺ በፊት ለሚያነበው የማረሚያ ቤት ወንድሜ ሰላምታ አቀርባለሁ። ጽሕፈቴ ካስቸገረህ፣ ልጄ፣ ለእሷ ስጣትና ታንብብልህ፤ የለመደችው ሥራ ነው።

አሁን ወደ አንቺ። ለእናትሽ ነግሬያታለሁ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ «አታ፣ ጭልፊቱን ይተዉት፤ ስንት ዓመት ነው የሚፈርዱባት?» አለችኝ። ከዚያ ተነሥታ በቅርቡ የወለደችውን ባዝራ አለበች። ጠንካራ ናት፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ጽፌዋለሁና ለማንም እንዳትነግሪ።

ተነሣችሁ ወይ ላልሽው፦ ሙካሽ ጥቅሉን ባመጣ ዕለት ኩባት መቶውንም ለሕዝቡ አደለ። ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረና ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ባርኔጣዬን አወለቀ። ያጨበጨበ የለም። ማታ ድንኳኖች መፍረስ ጀመሩ፤ በሦስተኛው ቀን ሜዳው ላይ የቀረው የምድጃ አመድ ብቻ ነበር። እኔን የመጨረሻ አድርገው በኩባት ጀርባ አወጡኝ። «አታ፣ ቀልድዎ ሲቀነስ ክብደትዎ የሚቀንስ መስሎኝ ነበር» እያለ ሲያለከልክ ነበር።

ሰማንያ ስድስቱም አባወራ እዚህ ነው። ከገደሉ አፋፍ ቴሬክ እንዳለች ትታያለች፤ ቤቶቹ፣ መስጊዱ፣ የሙላው በረት። ሁሉም እንደ ተዘጋ ነው።

ዋናውን ጥያቄሽን አውቄ ነው ያዘገየሁት። አልወረደም። እስከ ዛሬ ጠዋት አልወረደም። ሌሊቱ መቀዝቀዝ ጀምሯል። ጠበቃሽ ያለውን ልኮልናል፤ ተቋሙ «ገጹ የሐሰት ነው፤ ራሷ ፈጥራ የጻፈችው ነው» ማለቱን፣ መሐንዲሶቹም «አላየነውም» ብለው መፈረማቸውን። ቀጠሮሽ ነሐሴ 20 ነው። ውርጩ ቀድሞ ከያዘው፣ ሐይቁም እንዳለ ከቀረ፣ ያለ ምክንያት ሕዝብ አሸብራ አፈናቀለች ሊሉሽ ነው። ምስክር የሚሆንሽ ሐይቁ ብቻ ነው። ምስክርነቱን ከሰጠ ደግሞ ቴሬክ የለችም።

ሙላው ባለፈው ዓርብ ወደኔ መጥቶ «አታ፣ ምን ብዬ ልጸልይ?» አለኝ። በሕይወቴ ሙላ ጠይቆኝ ሳልቀልድበት የቀረሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ሐይቁን አቁምልን ብለህ ጸልይ» አልኩት። ይቅር በይኝ። የአባቶቻችን ቤት ነው፤ አባትሽም ከመስጊዱ በታች ነው የተኛው። ሌላ ነገር ከአፌ ሊወጣ አልቻለም። ሙላው ጸለየ፤ «አሜን» ሲባል ግን ድምፅ አልሰማሁም። ከንፈር ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።

ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ከላይ ከአክ-ኮል በኩል ድምፅ መጣ። ረጅም፣ እንደ ነጎድጓድ፣ ግን ከመሬት ሥር። ሰው ሁሉ፣ ሕፃን ያዘለችው፣ አንድ እግሩን ጫማ ያደረገው፣ ከየድንኳኑ ወጥቶ አፋፉ ላይ ተሰለፈ። ማንም አልጮኸም። ማንም «ቤቴ!» አላለም። ዞር ብዬ ፊታቸውን አየሁ። በጋይም፣ እኔ በሐዘን ላይ ያለ ሰው ፊት ማንበብ ሥራዬ ነው። አልፈሩም ነበር። እየጠበቁ ነበር። ሸለቆውን፣ የገዛ ጣራቸውን ቁልቁል እያዩ፣ ይምጣ እያሉ ነበር። እናትሽ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። እኔም፣ ለሙላው ያልኩትን እያወቅሁ፣ ይምጣ ብያለሁ።

ድንጋይ ነበር። ከተራራው የተናደ ድንጋይ። አቧራው ቀስ ብሎ ወረደ፤ ወንዙ እንደነበረ ይፈስሳል።

እርስ በርሳችን ሳንተያይ ተመለስን። ኩባት ብቻ ቆሞ ቀረ። ቤቱ ለእንግዶቹ ብሎ አዲስ ሰማያዊ ቀለም ያስቀባው ነው፤ ውሃው ቢመጣ መጀመሪያ የሚያገኘውም እሱን ነው። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ዓይኑ ጣራው ላይ ነው።

«ዛሬም አልመጣም» አለ።